የውሰት ምሳር

ወገኖቼ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉት ተአምራት አንዱን ዛሬ አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7 ይገኛል። በዚህ ተአምር ሙት አልተነሣም፤ ባሕር አልተከፈለም፤ እሳትም ከሰማይ አልወረደም። አንድ ተማሪ ዛፍ ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ዮርዳኖስ ውስጥ ገባበት። ልጁ ጮኸ። ኤልሳዕ የወደቀበትን ቦታ ጠየቀው፣ እንጨት ቆርጦ ወደዚያ ጣለ፣ ብረቱም ተንሳፈፈ። ልጁ እጁን ዘርግቶ አነሣው። ታሪኩ በዚሁ ያልቃል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ክፍል ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው በልጁ ጩኸት ላይ ነው። ለጌታው የነገረው ብረቱ መጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ምሳሩ የውሰት እንደ ነበረ ጭምር ነው። መቀስ ተውሶ የሠራ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። የራሳችን ዕቃ ሲጠፋ እናዝናለን፤ የሰው ዕቃ ሲጠፋብን ግን ነገ ባለቤቱን በምን ዓይናችን እንደምናየው ይጨንቀናል። በዚያ ዘመን ብረት ውድ ነበር። ልጁም መግዣ ቢኖረው ኖሮ ባልተዋሰ ነበር። እግዚአብሔር የአንድ ድኻ ተማሪ የዕቃ ዕዳ ትንሽ ነው ብሎ አላለፈውም፤ በቃሉ ውስጥ እንዲጻፍም አደረገ።

ወደ ኋላ ገለጥ አድርገን ብናነብ ነገሩ ይሰፋል። መጽሐፍ ቅዱስ የነቢያት ልጆች የሚላቸው እነዚህ ሰዎች ከኤልሳዕ እግር ሥር የሚማሩ ናቸው። ምዕራፍ 4 ሲጀምር ከእነርሱ የአንዱ ሚስት ባሏ ሞቶባት፣ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ መጥቶባት ስትጮኽ እናገኛታለን። በዚያው ምዕራፍ ማብቂያ በጌልገላ ራብ ሆኖ ተማሪዎቹ በአንድ ምንቸት ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ቀጥሎም አንድ ሰው 20 የገብስ እንጀራ ይዞ ይመጣና 100 ሰው በልቶ ይተርፋል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ማደሪያችን ጠበበን ብለው ይመጣሉ። ከዚያ የምሳሩ ነገር ይከተላል። ዕዳ፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ መሣሪያ። አራቱን በጣቴ ስቆጥራቸው በየቀኑ በሱቄ ደጃፍ የሚያልፉት የኮሌጅ ሠልጣኞች ይታወሱኛል።

በመካከላችን ያሉት ተማሪዎች

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ የምኖረውና የምሠራው ግን ቢቸና። ሁለቱም ከተሞች ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ደብረ ወርቅ አለች። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ የዙሪያው ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው ከጎተራው ቀንሶ ነው። እኔ ራሴ በቴክኒክና ሙያ “አሥር ሲደመር” ይባል በነበረው ጊዜ ልብስ ስፌት የተማርኩ ነኝ። ስለዚህ በትከሻው ደብተር፣ በእጁ ሜትርና መዶሻ ይዞ የሚሄደውን ልጅ ሳይ የማላውቀው ሰው አይመስለኝም።

እነዚህ ልጆች እንዴት ወደ ኮሌጁ እንደሚመጡ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከቀሩት ጥቂቱ በሬሜዲያል ያልፋል። ሌላው ወይ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅን በር ያንኳኳል። ብዙ ወላጅም ልጁ ወደዚያ ሲገባ “ወደቀብኝ” ይላል። ልጁ ትምህርቱን የሚጀምረው ይህን ቃል በጀርባው አዝሎ ነው።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት አሠራር ውል ይፈርማል። በግቢው ይበላል፣ ይተኛል፣ ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በእኛ ከተሞች ያለው የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ግን ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ነው። አልጋና ማዕድ አይጠብቁትም። ቤት የሚከራየው፣ ውሃ የሚገዛው፣ ከሰል የሚያነደው ዛሬ ነው፤ “በኋላ ከደመወዜ እከፍላለሁ” የሚልበት ውል የለውም። ያነሰ ውጤት ያመጣው፣ ብዙ ጊዜም ከደከመ ቤት የመጣው ልጅ፣ ያነሰ ድጋፍ ያገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰብ በገበያ ቀን ስንቅ ይልካል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር ነው፤ አሠራሩ 70 በመቶውን ለተግባር፣ 30 በመቶውን ለንድፈ ሐሳብ ይሰጣል። ተግባሩ ደግሞ ወርክሾፕ ይፈልጋል። በትንሽ ከተማ ያለው የብረታ ብረትና የእንጨት ቤት ስለማይበቃ፣ ለትብብር ሥልጠና ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ የሚኖርበት አለ፤ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ሌላ ወጪ ነው። በመጨረሻ የብቃት ምዘናው ይመጣል፤ ሰዉ ሁሉ ሲኦሲ የሚለው። ለእርሱም ክፍያ አለው። ያንን ሳያልፍ የተማረው ሙያ በእጁ ቢኖርም ማስረጃው አይኖረውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዝቷል። መንገድ ተዘጋ ሲባል ነጋዴው ስለ ዕቃው፣ መንገደኛው ስለ ጉዞው ያስባል። እኔ የተማርኩት መንገድ ሲዘጋ ስንቅ እንደሚዘጋ ነው። የልጁ እናት ድርቆሹን አድርቃ፣ ከረጢቱን አስራ፣ የሚያደርስላት አጥታ ትቀመጣለች፤ ልጁ ከተማ ውስጥ በጨው የተበጠበጠ በሶ እየጠጣ ብየዳ ይማራል።

ጎጃም ተማሪውን ያበላ ነበር

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። ጎጃም ተማሪ የማብላት ታሪክ አለው። ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስሙ የታወቀ የትምህርት ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ በዛብህን ያመጡት ወደዚሁ ወደ ዲማ ነው። ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ፣ ከሩቅ አገር የመጡ የቆሎ ተማሪዎች በአድባራቱ ዙሪያ ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው በየመንደሩ እየለመኑ ተምረዋል። የአገሩ ሰው ከማዕዱ ቆርሶ ሰጥቷቸዋል።

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በብዙ ነገር ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር አንስማማም። ነገር ግን አያቴ ለተማሪ እጇን የዘጋችበትን ቀን አላስታውስም። የምትሰጠው እፍኝ ቆሎ ወይም የተረፈ እንጀራ ነበር። ልጁ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ነገ ምን እንደሚሆንላት አትጠይቅም። ተማሪ መሆኑ ይበቃት ነበር። እንዲህ ያሉ ሺህ አያቶች ተደምረው አንድ ትልቅ የትምህርት ድጋፍ ሆነው ኖረዋል፤ ያለ ጽሕፈት ቤት፣ ያለ ማኅተም።

የዛሬው ሠልጣኝ ይህን ያጣው አገሩ ስለ ጨከነ አይመስለኝም። ስለማይታይ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎው ይናገርለት ነበር፤ ሲለምንም የሚያሳፍረው አልነበረም፣ ልመናው የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበርና። የኮሌጁ ልጅ ግን ጂንስ ለብሷል፣ ስልክ ይዟል። ጂንስ የለበሰ ራብ አይታይም። ልጁም ቢርበው አይናገርም፤ “ወደቀብኝ” ተብሎ የመጣ ልጅ “ራበኝ” ብሎ ሁለተኛ መውደቅ አይፈልግም።

የጎደላት ስንት ነበር?

ለትብብር ሥልጠና ወደ ሱቄ ተመድባ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። እጇ ፈጣን ነበር፤ የቀሚስ አንገት ስትሰፋ እኔ ራሴ ቆሜ አይ ነበር። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ምሳ ሰዓት ላይ “ቤት ደርሼ ልምጣ” ትላለች፤ ስትመለስ ግን የበላ ሰው ፊት የላትም። ምሳዬን አካፍላት ጀመር፤ የቤት ኪራዩን ነገር ግን ለማንም አላነሣችም። አንድ ቀን ጠዋት ሜትሩን ጠቅልላ መኪናው ላይ አስቀመጠችና “እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብላኝ ሄደች። አዲስ አበባ ሰው ቤት ሥራ አግኝታ ነበር። ለመጨረስ የቀራት ምዘናው ብቻ ነበር።

ይህን በኅብረታችን የጸሎት ቀን ተናገርኩ። እኛ ብዙ አይደለንም፤ በኪራይ አዳራሽ የምናመልክ ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ስለ ልጅቷ ጸለይን፤ አለቀስንም። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እናት፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ቀና ብለው “መልካም፤ ጸለይን። ለመሆኑ የጎደላት ስንት ነበር?” አሉ። የሁለት ወር ኪራይና የምዘናው ክፍያ ተደመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ገንዘቡ በዚያ የተቀመጥነው ሰዎች እሑድ እሑድ ለሻይና ለዳቦ ከምናወጣው የማይበልጥ ነበር።

ያን ቀን መዋጮ ተጀመረ። ወዲያውም ጥያቄ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ለእምነት ቤተ ሰዎች እናስቀድም አሉ፤ ገላትያ 6፥10ን ጠቀሱ። እኚያው እናት “ይኸው ጥቅስ አስቀድሞ ለሰው ሁሉ አይልም እንዴ?” አሉ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ቃሉ ሁለቱንም ይላል። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚታየው የችግሩ ክብደት ይሁን፣ የእኛ ልጅ መሆን ወይም አለመሆን ከዚያ በኋላ ይምጣ። በመጀመሪያ ከተረዱት ሦስት ልጆች የኅብረታችን ልጅ አንዷ ብቻ ነበረች።

እሑድ መምጣት አለብኝ ወይ?

ከቆላው በኩል የመጣ አንድ የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ ስለ መዋጮው ሰምቶ ወደ ሱቄ መጣ። “ተቀመጥ” ብለው አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ “እትዬ፣ ብሩን ከተቀበልኩ እሑድ እሑድ ወደ እናንተ መምጣት አለብኝ ወይ?” አለኝ። እናቱ አስጠንቅቃው ነበር፤ የጴንጤ ገንዘብ እንዳይነካ።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በስንዴ ሃይማኖት ያስለውጣሉ የሚለው ሐሜት ከእኛ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ሐሜቱን በክርክር አንረታውም። የሚረታው በአሰጣጣችን ነው። “የለብህም፤ እሑድህ የአንተ ነው” አልኩት። ዓይኔን ትኩር ብሎ አየና “ታዲያ ለምን ትሰጡኛላችሁ?” አለ። “እኛም የተቀበልነው በነጻ ስለሆነ” አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ እርሱም ብሩን ሳይወስድ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። “ብሩ ይቅር። መላጊያ ካላችሁ ግን አውሱኝ፤ በኮሌጁ ያለው ለሁላችን አይደርስም፣ ማታ ማታ ልለማመድበት” አለ። ከኅብረታችን አንድ አናጢ ወንድም የራሱን ትርፍ መላጊያ ሰጠው። አሁን በሱቄ ጥግ የውሰት ሣጥን ብለን የምንጠራው ነገር የተወለደው ከዚህ ልጅ ጥያቄ ነው። ሣጥኑ ውስጥ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ የብየዳ መነጽር፣ ሁለት የልብስ መቀስ አለ። ሠልጣኙ ስሙን ጽፎ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ገንዘብ መቀበል የሚከብደው ልጅ ዕቃ መዋስ አይከብደውም። የተዋሰ ሰው ባለ አደራ ነው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ይወጣል።

ያ ልጅ ምዘናውን አለፈ። ዛሬ ባሕር ዳር በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። እሑድ የሚሄደው አስቀድሞ ወደሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ነው። መላጊያውን ሲመልስ ምላጩን ስሎ፣ እጀታውን ዘይት ቀብቶ ነበር።

አንዳንድ ሰው “ታዲያ ፍሬው የት አለ?” ይለኛል። በሉቃስ 17 ጌታ ያነጻቸው ለምጻሞች አሥር ነበሩ፤ ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ነው። ጌታ የዘጠኙን ነገር ጠይቋል፤ የዘጠኙን ንጽሕና ግን አልመለሰም። ሰዎች ወደ ጌታ እንዲመጡ እጸልያለሁ፤ የዚህን ልጅ ስም ዛሬም በጸሎቴ እጠራለሁ። ድጋፋችንን ግን የእምነት ዋጋ ካደረግነው የምንሰብከው ጸጋ ጸጋ መሆኑ ይቀራል። ኢሳይያስ 55 የተጠሙትን ያለ ገንዘብ ወደ ውሃው ይጠራል። እኛ በዚያ ውሃ አጠገብ ቆመን ቲኬት ልንቆርጥ አልተሾምንም።

በተማሪ ስም

በሁለቱ የተማሪዎች ታሪክ መካከል፣ በምዕራፍ 5፣ ንዕማን እንዳለ ታስታውሳላችሁ። ኤልሳዕ ለተፈወሰው ሰው ምንም አልተቀበለም። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ደረሰበት። ምን ብሎ እንደ ለመነው ልብ በሉ፤ ከኤፍሬም ተራራማ አገር ሁለት የነቢያት ልጆች መጥተዋልና ብርና ልብስ ይሰጣቸው አለ። ግያዝ ገንዘብ የወሰደው በችግረኛ ተማሪዎች ስም ነው! ተማሪዎቹ አልነበሩም፤ ብሩ ግን ነበረ።

ስለዚህ በተማሪ ስም የሚሰበሰብ ገንዘብ እጅግ ሊያስፈራን ይገባል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ስለ ልግስናው ማንም እንዳይነቅፈው ይጠነቀቅ እንደ ነበር፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ያስብ እንደ ነበር ይናገራል። እኛም ጥቂት ደንብ አወጣን። ገንዘቡን ሁለት ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ኪራዩ የሚከፈለው ለአከራዩ ነው፤ ምዘናው በሚከፈልበት ቦታ ይከፈልና ደረሰኙ ይቀመጣል። የተረጂ ስም ከመድረክ አይነበብም። ፎቶ አይነሣም። አንድ ልጅ እርዳታ መቀበሉን ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቀችና የራሷን ነገረችኝ። እዚያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ስትገባ ፋፍሳ የሚባል ቅጽ ሞልታ ፔል ግራንት ያገኘች ናት፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው፣ እንደ ብድር የማይመለስ ድጋፍ ነው። በኮሌጁ ግቢ ደግሞ ተማሪ ያለ ክፍያ ምግብ የሚወስድበት ክፍል ነበረ። “እዚህም ተማሪ ይራባል?” አልኳት። “እዚህም ኪራይ አለ” አለችኝ። ጎረቤቷ የነበረች አንዲት ተማሪ መኪናዋ ተበላሽታ፣ ማሠሪያ አጥታ ከትምህርቷ ቀርታለች። በሀብታሙም አገር በእኛም አገር ሰውን ከመንገድ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የብረቱ ያህል ትንሽ ነገር ነው፤ በጊዜው ካልተነሣ ግን ውሃው ይወስደዋል።

እጃችን የሚደርስበት

ወገኖቼ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያለበት ከተማ የምትኖሩ ሁሉ፣ ኤልሳዕ ለልጁ ያቀረበለትን ጥያቄ ልብ በሉ። “የት ወደቀ?” ነው ያለው። ከመርዳት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። የአንዱ የወደቀው ኪራይ ላይ ነው፣ የሌላው ምዘና ላይ፣ የአንዷ ደግሞ በወር በወር ለንጽሕና መጠበቂያ የምታወጣው አጥታ ከክፍል በምትቀርባቸው ቀናት ላይ። የኮሌጁን አሠልጣኞች ጠይቁ፤ ማን ከምሳ በኋላ እንደማይመለስ እነርሱ ያውቃሉ።

ወርክሾፕ ወይም ሱቅ ያላችሁ፣ አንድ ሠልጣኝ ለትብብር ሥልጠና ተቀበሉ፤ ምሳውንም ቁጠሩት። የሚከራይ ክፍል ያላችሁ፣ መንገድ በተዘጋበት ወር ለኪራዩ ጥቂት ታገሡ። ለሴት ልጅ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል ማከራየት በራሱ አገልግሎት ነው። ሙያተኞች፣ በቤታችሁ ዝገት የሚበላውን ትርፍ መሣሪያ አውጡ። ሲመረቁም አትተዉአቸው፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከተባለው ከቀድሞው አብቁተም ሆነ ከሌላ ተቋም ብድር ሲጠይቁ፣ ወርክሾፕ ሲፈልጉ፣ የሚያውቃቸውና የሚመሰክርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ወላጆች ደግሞ “ወደቀብኝ” የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። እግዚአብሔር የማደሪያውን ሥራ በዘጸአት 31 ለባስልኤል ሲሰጠው በመንፈሱ የሞላው በእጅ ሙያ ነው። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። የመላጊያና የመርፌ ሥራ በእግዚአብሔር ዘንድ ሁለተኛ ማዕረግ አይደለም።

እምነትን እየፈለግህ፣ እየፈለግሽ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእኛ ምግብ ብትቀበሉ ዕዳ የለባችሁም። እግዚአብሔር ልባችሁን በዳቦ የሚገዛ ነጋዴ አይደለም፤ ዋጋውን እርሱ ራሱ በልጁ ከፍሏል። ወደ እርሱ ስትመጡ የምትመጡት ተወዳችሁ፣ ነጻ ሆናችሁ ነው። እስከዚያም ቢሆን፣ ከዚያም በኋላ፣ የውሰት ሣጥኑ ክፍት ነው።

ጌታ ሆይ፣ በጠባብ ክፍል አምፖል ሥር የሚያጠኑትን፣ ስንቃቸው መንገድ ላይ የቀረባቸውን፣ የተዋሱት የጠፋባቸውን አስብ። ለእናቶቻቸው ሰላማዊ መንገድ ስጥ። እኛንም የወደቀበትን ቦታ የምንጠይቅ ሰዎች አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።